ፌሌቲ አያይም

በቶንጋ፣ በቫቫኡ ደሴት ባለችው በኔያፉ ከተማ ስልክ የተሰበረበትና ላፕቶፕ የሞተበት ሰው ሁሉ ወደ ፌሌቲ የሚሄደው እጁ ከሌላው ስለሚበልጥ አልነበረም። እጁ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ አይወራለትም። ከገበያው ጀርባ ሌላ ጠጋኝ ነበር፤ ከእሱ የፈጠነ፣ ዋጋውም የማይከብድ። ችግሩ የዚያ ሰው ዓይን ዝም ብሎ አይቀመጥም። የአንዲት አስተማሪን ስልክ መስታወት ሊቀይር ተቀብሎ ውስጡ ያገኘውን ፎቶ ለጓደኞቹ ሲያወራ ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ዕቃውን አቅፎ ወደ ፌሌቲ መጉረፍ ጀመረ።

«ፌሌቲ አያይም» ይባል ነበር። እውነትም አያይም። ፎቶ ብቅ ካለበት በመዳፉ ይሸፍነዋል። መልእክት ከገባ ባለቤቱን ይጠራና «መጀመሪያ አንተ አንብበው፣ ከዚያ እቀጥላለሁ» ይላል። ሥራው በዚህ ምክንያት ይንቀረፈፋል፤ ሞኝ የሚሉትም አልጠፉም። እሱ ግን በስሙ ይኮራ ነበር። የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረው አባቱ ትቶለት የሄደው ጥቂት መፍቻና አንድ ጠባብ ሱቅ ነው፤ ይህን ስም ግን ራሱ ነው ያፈራው። አንዳንዴ ሳያስበው ደረቱን ነፋ አድርጎ ሲራመድ ያየው ሰው፣ የሚራመድበት ነገር ይሄው ስም መሆኑን ይረዳዋል።

ታላቅ እህቱ ላቪኒያ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ መሬት ተመልሳ፣ ከፌሌቲ ቤት በአንድ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ተለይቶ በቆመው ቤት ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም፤ የፌሌቲን የበኩር ልጅ ያሳደገችው ግን እሷ ናት፣ ለልጆቹ ሁሉ ስም ያወጣችውም እሷ ናት። ከእርሻው የሚወጣው የመጀመሪያው ቦዬ ወደ እሷ ቤት ይሄዳል። ለቅሶ ቤት እሷ ከላይ ተከብራ ስትቀመጥ እሱ ከጓሮ ጭስ እየጠጣ እሳት ያነዳል። በእኛ ልማድ እህት ከወንድሟ በላይ ናትና ይህ ለእሱ ሸክም ሆኖ አያውቅም። ክፍሏ አይገባም፤ ልብሷ በተሰጣበት ገመድ ሥር አያልፍም፤ አብረው ተቀምጠው ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች መተያየት ከጀመሩ አንዳቸው ውኃ የጠማው መስሎ ተነስቶ ይወጣል። የወንድና የሴት ነገር በቀልድም ቢሆን በመካከላቸው አይነሳም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተነጋገሩት ስለ አየሩ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝማሬውና ስለ ቦዬው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሴይኒ የላቪኒያን ላፕቶፕ በጨርቅ ጠቅልላ ሱቁ ድረስ ይዛ መጣች።

«እትዬ ላቪኒያ ልከውት ነው። ይጎተታል አሉ።»

«ሁልጊዜ?»

«አንዳንድ ገጽ ላይ ብቻ።»

«የትኞቹ ገጾች ላይ?»

«አንዳንድ ገጽ አሉኝ፣ አንዳንድ ገጽ አልኩህ። ከፈለግክ ሂድና ጠይቃቸው።»

መጠየቅ እንደማይችል ታውቃለች፤ ፈገግታዋን ለመደበቅም አልሞከረችም። ወንድም እህቱን «ብቻሽን ሆነሽ ምን ታያለሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ፌሌቲ እሱ የሚያውቃቸውን ገጾች ከፈተ። የአየር ትንበያውን ከፈተ፣ በረረ። የዜናውን ከፈተ፣ በረረ። መዝሙሮቹ ያሉበትን ገጽ ከፈተ፤ እሱም ዓይን ሳይጨፈን መጣ። «ብራውዘሩ ምንም አልሆነ፣ የኢንተርኔት መስመሩ ይሆናል» ብሎ መለሰላት። ላፕቶፑ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ብራውዘሩ ከዓመታት ወዲህ ያጠራቀመውን ሁሉ ጠረገ፣ ተከፍተው የተረሱትን ገጾች ስማቸውን ሳያነብ ዘጋ፣ ያረጀውን በአዲስ ተካ፣ ከሌላ ከሞተ ላፕቶፕ ሜሞሪ አውጥቶ ጨመረበት። ላከው። እንደገና መጣ።

«‹ወንድሜን አደከምኩት፣ ግን ያው ነው› ብለዋል» አለች ሴይኒ ጨርቁን እየፈታች።

«የቱ ጋ እንደሚያፈስ ሳይነግሩኝ ጣሪያውን ጠግን ነው እኮ የምትሉኝ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የማታየው? እንግዲህ ሳታይ ጠግን።»

እሷ ከሄደች በኋላ ዝናብ መጣ። ገበያተኛው ወደየጥጉ ሸሸ፣ ሱቁ ጭር አለ። ፌሌቲ እጁን በሱሪው ጠረገና ብራውዘሩ የሄደባቸውን ገጾች የሚያስቀምጥበትን ቦታ ከፈተ። ስማቸውን ብቻ አያለሁ፣ ለሥራው ነው፣ አለ ለራሱ። ስማቸውን አየ። ሁለት ገጾች ከላይ እስከ ታች ይደጋገማሉ። አንደኛው እዚህ ያለውና ባሕር ማዶ ያለው ቶንጋዊ ፎቶ የሚለዋወጥበትና የሚጻጻፍበት ነው፤ ሁለተኛው ሰዎች ፊት ለፊት እየተያዩ የሚያወሩበት። የመጀመሪያውን ከፈተ። ፎቶዎቹ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ አንድ በአንድ፣ እያረፉ መጡ። ፌሌቲ ምክንያቱን ያወቀው ያኔውኑ ነው።

ምክንያቱ እሱ ራሱ ነበር። ያ ላፕቶፕ ድሮ የልጆቹ ነበር፤ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ በላቪኒያ ቤት ሰሌን ላይ ተሰብስቦ የሚያይበት። በእኛ አቆጣጠር የአጎት ልጅ ወንድም ነው፣ የአክስት ልጅ እህት ናት። አንድ ነውረኛ ምስል ድንገት ብቅ ቢል እነዚያ ሁሉ ወንድሞችና እህቶች በአክስታቸው ፊት ዓይናቸውን የት ይጥሉታል? ፌሌቲ ይህን ፈርቶ ብራውዘሩ ውስጥ ዘበኛ የሚሆን አንድ ፕሮግራም አስገባ። ዘበኛው የሚመጣውን ፎቶና ተንቀሳቃሽ ምስል አንድ በአንድ ይፈትሻል፣ ጨዋ መሆኑን ሲያረጋግጥ ያሳልፈዋል። ቄሱ ሳይቀሩ አመስግነውት ነበር። ልጆቹ አደጉ፣ የየራሳቸውን ስልክ ያዙ፣ ላፕቶፑ ለላቪኒያ ቀረ። ዘበኛው ግን ያሰናበተው ሰው ስላልነበረ እስከ ዛሬ በሩ ላይ ቆሟል። ጽሑፍ ብቻ ባለበት ገጽ የሚፈትሸው ስለሌለ አይታወቅም። የሰው ፊት በበዛበት ገጽ ግን እያንዳንዱን ፊት አስቁሞ ይመረምራል። ሰው እየተንቀሳቀሰ በሚያወራበት ገጽማ ፊቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ አዲስ ያስቆመዋል።

አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ቢጫን ዘበኛው ይሰናበታል። ሥራው እዚህ ላይ አልቆ ነበር።

ከገጹ ጥግ ግን ገና ያልተከፈተ መልእክት ደምቆ ተጽፏል። አጠገቡ ትንሽ የወንድ ፎቶ አለ፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሸሚዝ የለበሰ፣ ጥርሱን ሳይሰስት የሚስቅ ሰው። ለፌሌቲ እዚህ ላይ የሚከራከርለት ሰው አይገኝም። ገጹን መክፈት ሥራ ነበር፤ መልእክቱን መክፈት ሥራ አልነበረም። ጣቱ ሄደችና ከፈተችው።

ሳይሞኔ የሚባል ሰው ነው፣ ከሃአፓይ ደሴት፣ አሁን ባሕር ማዶ ኦክላንድ ከተማ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት። «ላቪኒያ» ይላል መልእክቱ፣ «ትናንትም ፊትሽ ደርቆ ቀረብኝ። ሳቅሽን ሰማሁ፣ አንቺን ግን አላየሁም። ልጆቼ ሴትዮዋ ፊቷን ልታሳይህ ስለማትፈልግ ነው ይሉኛል። እኔ አላመንኳቸውም። ከፋሲካ በኋላ ቫቫኡ ልመጣና በአካል ልጠይቅሽ አስቤአለሁ። የማልፈለግ ከሆነ ግን ንገሪኝ፣ አላስቸግርሽም።»

ፌሌቲ በዚህም አልበቃውም። ወደ ላይ ሄደ። የቀደመውን አነበበ፣ ከዚያ የቀደመውን፣ የእሷንም የእሱንም። እህቱ ለሰውየው «አፍህን ከፍተህ ስትደርቅ ዝንብ የምትጠብቅ ዓሣ ትመስላለህ» ብላ ጽፋለች። ስለ ቄሱ ማንኮራፋት ጽፋለች። ሴይኒ ወጥ ስታቃጥል በማን ላይ እንደምታመካኝ ሳይቀር ጽፋለች። ፌሌቲ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ብቻውን ሳቀና ወዲያው ደነገጠ። እህቱ ቀልደኛ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ዛፍ ርቀት ኖሮ አላወቀም፤ እሱ ሲመጣ ቀልዱ ሁሉ ይቆማላ። የሌላ ሰው ማዕድ ቤት ገብቶ ድስት የከፈተ ያህል አፈረ፤ አፍሮም ማንበቡን አልተወም።

ሲጨርስ ጣቱ ዘበኛውን የምታሰናብተው ምልክት ላይ ነበረች። አልተጫናትም። እነዚያ ገጾች በድንገት መብረር ከጀመሩ ማየቱን ታውቃለች፤ አያይም የተባለበት ስም በገዛ እህቱ ፊት ያበቃለታል። ለራሱ የነገረው ምክንያት ይህ ነው፣ ውሸትም አይደለም። ከሥሩ ግን ሌላ ነበር። ላቪኒያ ኦክላንድ ከሄደች ለልጁ ሠርግ ከላይ የሚቀመጥ ማን አለ? ማለዳ ከዛፉ ባሻገር የምድጃዋን ጭስ ማየት ቀረ ማለት አይደል? ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። ላፕቶፑን ዘጋ።

«አርጅቷል በያቸው» አላት ለሴይኒ። «ከዚህ በላይ አይሆንም።»

ሴይኒ ፊቱን ትንሽ አየት አደረገችና ይዛው ሄደች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከላቪኒያ ቤት ምግብ መጣ፤ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሥጋ፣ በጋለ ድንጋይ ከተቀበረበት ጉድጓድ ገና እንደወጣ የሚያጤስ። ምግብ ከወንድም ወደ እህት ነው የሚሄደው፤ እንዲህ በግልባጩ ሲመጣ ሰው ይገረማል። «እትዬ ናቸው፣ ለወንድሜ ስጡልኝ ብለው» አለች ሴይኒ። ልጆቹ ተሻሙ። ፌሌቲ ለውሸቱ የተከፈለው ደመወዝ ይህ መሆኑን እያሰበ አንድ ጉርሻ አነሳ፤ መልሶ ሊያስቀምጠው አሰበ። ቢተወው ደግሞ ንቀት ነው። ዓይኑ ውኃ እያቀረረ በላው።

ከዚያ በኋላ ያገኘው ቅጣት የሚገርም ነው። አላይም ሲል የኖረ ሰው ማየት ማቆም አቃተው። ላቪኒያ ለወራት ከጆሮዋ ኋላ አበባ ስትሰካ እንደነበር ያስተዋለው መሰካቱን ስታቆም ነው። ዝማሬ ላይ ቦታዋ አለች፣ አፏም ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁን ግን አጠገቧ ያሉት ሴቶች ናቸው የሚያወጡት። ድሮ ሰሌን ስትሠራ ለራሷ የምታንጎራጉረው ነገር ነበራት፣ አሁን የሚሰማው የቅጠሉ መፋተግ ብቻ ነው። ፌሌቲ የሰው ስልክ ከፍቶ እየሠራ እህቱ ትመጣበታለች። ደንበኞቹ «አንተን ነው የማምነው» ሲሉት ምስጋናው እንደ ስድብ ይሰማው ጀመር። አንዲት ሴት ስልኳን አስረክባው ዞር ስትል «እዚሁ ይጠብቁ፣ ዓይንዎን አያንሱ» ብሏት ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

አንድ አመሻሽ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ሊጠጣ ወንዶቹ የሚሰበሰቡበት ደጅ ሄደ። ሳህኑ ሲዞር፣ ጊታሩ ሲመታ፣ ሆፖአቴ የሚባለው ጀልባ ነጂ ኦክላንድ ከርሞ መምጣቱ ነበርና ወሬውን ያፈስሰዋል። እዚያ አንድ የሃአፓይ ሰው አለ፣ አለ፤ አውቶቡስ ይነዳል፣ ማታ ማታ ጸጉሩን በዘይት ለጥልጦ፣ የክት ሸሚዙን ለብሶ መስኮት ፊት እንደሚቀመጥ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥ ነበር።

«አሁን ግን ዘይቱንም ሸሚዙንም ትቶታል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ‹የኔ ነገር ደርቆ ቀረ› አለኝ። የኛዋ የቫቫኡ ሴት እኮ ናት ያደረቀችው፣ ታውቋታላችሁ፣ ያቺ ከዝማሬው...»

አንዱ ጉልበቱን መታው። ሆፖአቴ ቀና ሲል ፌሌቲን አየና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጊታሩ ቆመ። ሁሉም ሳህኑን ማየት ያዙ። የእህቱ ነገር የተነሳበት ወንድም ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ፌሌቲ ተነሳ፣ «ደህና አምሹ» ብሎ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቁጣ ነበር የሚወጣው። ያን ዕለት ግን እግሩ እየወጣ ጆሮው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ሆፖአቴ ጨርሶ ቢነግረው ምን ነበረበት።

ቤቱ ሲደርስ ሴይኒን ከልብስ መተኮሷ አስነስቶ ሁሉንም ነገራት፤ መክፈቱን፣ ማንበቡን፣ ዘበኛውን፣ አርጅቷል ማለቱን። ነገ ላፕቶፑን አምጪልኝ፣ አስተካክለዋለሁ፣ መልሰሽ ውሰጂላቸውና ምክንያቱን በዘዴ ንገሪያቸው፣ ብሎ ለመናት።

«ማምጣቱን አመጣልሃለሁ» አለች ሴይኒ። «ውሸቱን ተሸክሜልህ ሄጃለሁ፣ ሳላውቅ። እውነቱን ግን ራስህ ተሸከመው።»

በማግስቱ ላፕቶፑን ከፍቶ ያቺን አንድ ቦታ ተጫናት። ዘበኛው ተሰናበተ። ይህን ሁሉ ያደረሰው ነገር ለመነሳት የጣት ጫፍ ብቻ መፈለጉ አናደደው። ሌላ ምንም አልከፈተም። ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ እንደሚያደርገው ወገቡ ላይ ሰሌን ታጠቀ፣ ላፕቶፑን በጨርቁ ጠቅልሎ በዛፉ ሥር አልፎ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። በሩ ክፍት ነበር። አልገባም። ደረጃው ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከውስጥ የሰሌኑ ቅጠል ሲፋተግ ይሰማል።

«ላፕቶፑን አምጥቻለሁ» አለ፣ ለዛፉ የሚናገር ይመስል።

«ሴይኒ ታማለች እንዴ?» አለች ላቪኒያ ከውስጥ።

«ደህና ናት። እኔ ልምጣ ብዬ ነው።»

ቅጠሉ መፋተጉን ቀጠለ። ፌሌቲ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን አይጎተትም። አርጅቷል ያልኩዎት ውሸት ነው። ድሮ ለልጆቹ ብዬ ያስገባሁት ዘበኛ ነበር የሚጎትተው። አወጣሁት።»

«ዘበኛ መኖሩን አላወቅኩም» አለች ረጋ ብላ። «ማየትህን ነው ያወቅኩት።»

ፌሌቲ ሊዞር ቃጣውና ራሱን ገታ።

«አንድ ያልከፈትኩት መልእክት ነበረኝ። ላፕቶፑ ከአንተ ዘንድ ሲመለስ ተከፍቶ መጣ። ከእኔ በፊት አንተ አነበብከው።»

«ታዲያ ለምን ምንም አላሉኝም?»

«ምን ልበልህ? አንተ ተናግረህ የለ። አየው፣ አነበበው፣ መጠገን የሚችል እጅ አለው፣ ሳይጠግን መለሰው። ወንድሜ ይህን ነገር በአፉ ሊለኝ አይችልም፤ በላፕቶፑ ላከብኝ አልኩ። ለሰውየው አይሆንም ብዬ ጻፍኩለት። እሑድ ምግብ የላክሁልህም ሰምቻለሁ ለማለት ነው።»

ፌሌቲ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀረ። እኔ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም ሊላት አሰበ። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ግን ተመለሰ፤ እንደዚያ ማለቱ ነበርና። በሱቁ ውስጥ ቀና ብሎ ያላየውን ሁለተኛውን ምክንያት እሷ ከቤቷ ሆና በግልጽ አይታዋለች። ቤተሰቡ ሁሉ ከላይ የሚያስቀምጣት ሴት፣ አዛዧ እሷ ሆና ሳለ፣ ለታናሽ ወንድሟ ዝምታ ታዝዛለች። እንባው መጣ፤ ጀርባውን ስለሰጣት አልጠረገውም።

«እንዲሄዱብኝ አልፈለግኩም» አለ በመጨረሻ። «እሱ ነው እውነቱ።»

ላፕቶፑን ከነጨርቁ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ጻፉለት፣ እትዬ።»

ይህን ቃል ወንድም ለእህቱ ሲል ቫቫኡ ሰምታ አታውቅም። ዶሮዎቹ ከዛፉ ሥር ይጭራሉ። ላቪኒያ ከውስጥ መለሰች።

«እኔ አይሆንም ብያለሁ። በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ። አንተ ጻፍለት።»

«እኔ? ለእሱ? እኔ እኮ ወንድምዎ ነኝ።»

«ለዚያ ነዋ።»

ፌሌቲ ጨርቁን ፈታ። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ገጹ ሳይጎተት፣ ሳያርፍ፣ በአንዴ መጣ፤ የሳይሞኔ ፊትም ሙሉውን መጣ፣ ከነሳቁ። ከሥሩ የእህቱ የመጨረሻ መልእክት አለ። አጭር ነው። በመዳፉ ሸፈነውና በአንድ እጁ መጻፍ ጀመረ። «ፌሌቲ ነኝ፣ የላቪኒያ ወንድም። ሲደርቅብህ የነበረው የእሷ ልብ አይደለም፣ የእኔ ሥራ ነው። አይሆንም ያለችህም በእኔ ምክንያት ነው። አሁን አስተካክዬዋለሁ። ከፈቀደችልህና መምጣት ከፈለግክ ወደብ ላይ ቆሜ የምቀበልህ እኔ ነኝ።»

ላከው። ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ገጹ ፈጣን ነው፤ የዘገየው ነገር አሁን ሰው ብቻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመልእክቱ ግርጌ የመነበብ ምልክቱ ብቅ አለ።

«ተነበበ» አለ።

ቅጠሉ መፋተጉን አቆመ።

ፌሌቲ ላፕቶፑን የበሩ መድረክ ላይ አስቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ እሷ አዞረው። ከዚያ ተነሳ፣ ሰሌኑን ወገቡ ላይ አጠበቀና ደረጃውን ወርዶ ሄደ። ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ሲደርስ መልእክት መግባቱን የሚያሳውቀው ድምፅ ከኋላው ተሰማ፤ ባዶ እግር ወለሉ ላይ ሲሮጥም ተሰማ። አልዞረም።